ከበርሜል ከሚቀዳው «ዘጠና» ዘይት ተጠንቀቁ

የጎንደር ባለመኪኖች፣ በተለይ ፒክአፕና ሚኒባስ የምታሽከረክሩ፦ የዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት ለማስቀየር ጋራዥ ስትገቡ «ዘጠና ነው» የሚለውን መልስ ብቻ አምናችሁ እንዳትከፍሉ። ዘጠና የውፍረት ቁጥር ነው። ዘይቱ ለዲፈረንሻል የተሠራ ይሁን አይሁን አይናገርም፤ አታላዮቹም የሚጠቀሙት በዚሁ ነው።

በእኔ የደረሰውን ላስቀድም። ሂሉክስ ፒክአፔን ለአንድ ጋራዥ ሰጥቼ ስመለስ የአምስት ሊትር ዘይት ሒሳብ ቀረበልኝ። የሂሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል እንደ ሞዴሉ ከ2 ሊትር ትንሽ ከፍ ከሚለው እስከ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው የሚይዘው፤ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ተመልሶ መሬት ላይ ይፈሳል። የቀረው የት ገባ ብዬ ብጠይቅ «ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና እኮ ትልቅ ነው» ተባልኩ። ዘይቱ የመጣበትን ዕቃ አሳዩኝ ስል ጥግ ላይ የቆመ በርሜልና አፉ በጨርቅ የተወተፈ ጀሪካን ተጠቆመልኝ። ደረሰኝም የለም። መኪናውን ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስጄ የታችኛው ቡሎን ሲፈታ የወረደው፣ ገና መሞላቱ የሆነው ዘይት፣ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር። ሽታውም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ነው።

«በጣቴ አሽቼ ወፍራም መሆኑን አይቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ አትመኑ። የሞተር ዘይትና የማርሽ ዘይት (የዲፈረንሻሉም ከዚህ ወገን ነው) ቁጥር የሚሰጣቸው በተለያየ መለኪያ ነው፤ የማርሽ 90 እና የሞተር 40 ወይም 50 በውፍረት ተቀራራቢ ናቸው። በጣት ቀርቶ በዓይንም አይለዩም። ልዩነቱ ውስጡ ባለው ቅመም ነው። የዲፈረንሻል ጥርሶች ሲዞሩ አንዱ በሌላው ላይ በከባድ ጫና ይንሸራተታሉ፤ ጫናው ተራውን ዘይት ከመካከላቸው ጨምቆ ያስወጣዋል። ትክክለኛው ዘይት ግን የሰልፈርና የፎስፈረስ ውሁዶች ስላሉት ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራል። አፍንጫ የሚወጋው ሽታው የሚመጣውም ከሰልፈሩ ነው። ይህን ዓይነት ዘይት የሚለየው ዕቃው ላይ ያለው «ጂኤል-5» (GL-5) የሚል ጽሑፍ ነው። ከዘጠናው አጠገብ ይህን የማታነቡበትን ዕቃ አትግዙ፤ የክዳኑ ቀለበት ተቆርጦ የተመለሰ ወይም በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉም አያድናችሁም።

በነገራችን ላይ ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ይበጃል ተብሎ ለካምቢዮም (ማርሽ መቀየሪያው ቤት) እንዲቀዳ አትፍቀዱ። የብዙ ማንዋል ካምቢዮዎች መጽሐፍ የሚያዝዘው ጂኤል-4 ነው፤ የጂኤል-5 ጠንካራ ቅመም ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

ከርካሹ ማታለያ ሌላ ውድ ማታለያም አለ። «የጎንደር ብርድ ከባድ ነው፣ 75ደብሊው-90 (75W-90) ሲንቴቲክ ያስፈልግዎታል» ብሎ እጥፍ የሚያስከፍል ሻጭ አጋጥሞኛል። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ጠባይን ያሳያል፤ 80ደብሊው የሚለካው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ፣ 75ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ነው። ጎንደር እንዲህ ያለ ብርድ አይታ አታውቅም! የመኪናችሁ መጽሐፍ 90 ወይም 80ደብሊው-90 ካለ እሱው ይበቃል። አዳዲስ ሞዴሎች ቀጠን ያለ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን እንጂ ሻጩን አትስሙ። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ ዲፈረንሻሉ 140 ተሞልቶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ ወፍራሙ ዘይት ያረጀ ጥርስን ጩኸት ለጊዜው ያፍናል።

የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ ቪትዝ ወይም ያሪስ ያላችሁ ግን «የዲፈረንሻል ዘይት» የሚል ሒሳብ ከቀረበላችሁ ሣቁበትና አትክፈሉ። የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው፤ በተለመደው አሠራር ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው።

ሥራው ሲሠራ ከመኪናው አትራቁ። ሻይ ቤት ሂዱ ቢሏችሁም አትሂዱ። መካኒኩ በመጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ቡሎን ይፍታ፤ የታችኛውን ቀድሞ አፍስሶ የላይኛው እምቢ ቢለው መኪናችሁ ያለ ዘይት ጋራዥ ውስጥ ያድራል። ዘይቱ ሞቅ እያለ ይውረድ፣ ወርዶም ሲያልቅ እዩ፤ ቡሎኑን ወልውለው ብቻ «ተቀይሯል» የሚሉ አሉ። የታችኛው ቡሎን ማግኔት ካለው ጫፉን ተመልከቱ። በጣት ሲነካ የሚልም ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ ጥፍር የሚያክል ስባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር ብቻ አይበቃም። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወረደ ውኃ ገብቶበታል፤ ከላይ ያለው መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። አዲሱ ዘይት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ጋር እስኪስተካከል ይሞላል፤ ባዶውን ዕቃ ተረከቡ፣ ሊትሩንም ቁጠሩ።

ደረሰኝ ጠይቁ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን በየትኛው ማስረጃ ይከራከራል?

ከበርሜል የተቀዳ ዘይት አስሞልታችሁ ከነበረ እስኪጮህ አትጠብቁ። በተለይ ከደባርቅ አልፋችሁ የምትመላለሱ፦ የሊማሊሞን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ጥርሶቹ የሚጫኑት በሌላኛው ጎናቸው ነው፤ ነዳጅ ስትለቁ ከኋላ የማፏጨት ድምፅ ከሰማችሁ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት አስፈስሱና በታሸገ ጂኤል-5 አስሞሉ፤ ጥቂት መንገድ ሄዳችሁ ስትመለሱም ማግኔቱን እንደገና አስፈትታችሁ እዩት።