ትልልቅ ፊልም ዲስክ ላይ ለሚጽፍ ሰው፦ ኢምግበርን እንዴት ነው?

ትልልቅ የፊልም ፋይል ባዶ ዲስክ ላይ በርን ለማድረግ (ለመጻፍ) ከተጠቀምኩባቸው ሶፍትዌሮች ሁሉ እኔ የማምነው ኢምግበርንን ነው። ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስ የተሰራ ነው፣ የመጨረሻው ቨርዥን 2.5.8.0 የወጣው እ.ኤ.አ በ2013 ነው ከዛ ወዲህ አልታደሰም፣ ግን ዲቪዲም ከዛ ወዲህ አልተቀየረም ስለዚ ዕድሜው አልጎዳውም። ሰው የሚያማርርበት አንድ ነገር አለ እሱም ፋይል አያሳንስም፣ የሰጣችሁትን እንዳለ ነው የሚጽፈው። 9 ጊጋ ፊልም ብትሰጡት 4.7ቱ ዲስክ ላይ አይበቃም ይላችኋል እንጂ ጨምቆ አያስገባላችሁም። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፣ እንደውም ወድጄለታለሁ፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ጨምቆ የሚጽፍ ሶፍትዌር ምን ያህል ጥራት እንደቀነሰባችሁ የምታውቁት ዲስኩ ካለቀ በኋላ ትልቅ ቲቪ ላይ ከፍታችሁ ስታዩት ነው።

ስለዚ የማስገባቱን ስራ ቀድማችሁ እናንተ ትሰራላችሁ፣ የመጻፉን ስራ እሱ ይሰራል።

መጀመሪያ ስለ ፋይሉና ስለ ዲስኩ ሳይዝ (መጠን) ላውራ። ካርቶኑ ላይ 4.7 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.37 አካባቢ ነው የሚያሳያችሁ፣ ማንም አልሰረቃችሁም፣ አምራቾቹ አንድ ጊጋን 1 ቢሊዮን ባይት ብለው ይቆጥራሉ ዊንዶውስ ደሞ 1024 በ1024 በ1024 ብሎ ነው የሚቆጥረው። በዚሁ ሂሳብ 8.5 የሚባለው ዳብል ሌየር (ሁለት የመጻፊያ ንጣፍ ያለው ዲቪዲ) 7.96 ነው፣ 25 ጊጋ የሚባለው ብሉሬይ 23.3 ነው። ስለዚ ዊንዶውስ ላይ 4.5 የሚል ፋይል ይዛችሁ 4.7 ዲስክ ላይ ለምን አልገባም ብላችሁ አትድከሙ አይገባም። ኢምግበርን እዚ ጋ በጣም ይረዳል፣ ፋይሎቹን ካስገባችሁ በኋላ የካልኩሌተሯን ምልክት ስትጫኑ ስንት ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች) እንደሚፈጅ እና ቢያንስ ምን አይነት ዲስክ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይጽፍላችኋል፣ ዲስክ ሳታባክኑ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ትንሽ ብቻ ካለፈ ወዲያው ወደ መጭመቅ አትሂዱ። ብዙ ትልልቅ ኤምኬቪ (ምስልና ድምፅ አንድ ላይ የሚይዝ የፊልም ፋይል አይነት) ፋይሎች ውስጥ ሁለት ሶስት የድምፅ ትራክ አለ፣ የማትሰሙት ቋንቋ ምናምን። አንድ ዲቲኤስ የሚባል የድምፅ አይነት በሰከንድ በ1509 ኪሎቢት ለሁለት ሰአት ፊልም ብቻውን ወደ 1.36 ቢሊዮን ባይት ይበላል! እሱን ኤምኬቪቱልኒክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ምልክቱን አንስታችሁ ፋይሉን እንደገና ብታወጡት ምስሉ ቅንጣት አይነካም፣ የሚወስደው ጊዜም ፋይል ኮፒ የማድረግ ያህል ነው። 5.5 ጊጋ የነበረ ፊልም በዚህ ብቻ ዲስኩ ላይ ሊገባ ይችላል። ያው ፕሮግራም ፋይሉን ለሁለት ቆርጦ ሁለት ዲስክ ላይ እንድትጽፉትም ያደርጋል፣ ይሄም ጥራት አይቀንስም።

መጭመቅ ግድ ከሆነ ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ እሱም ነፃ ነው። ግን ኮንስታንት ኳሊቲ የሚለውን ከመረጣችሁ ጥራቱን ትወስናላችሁ እንጂ ሳይዙ ስንት እንደሚወጣ አታውቁም፣ ለዲስክ ከሆነ አቬሬጅ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ ፊልም በአማካይ የሚመደበው ዳታ) የሚለውን ምረጡና መልቲ ፓስ (ፊልሙን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቶ የሚጨምቅበትን) አብሩ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 4.7 ቢሊዮን ባይት በ8 ሲባዛ 37.6 ቢሊዮን ቢት ነው፣ የሁለት ሰአት ፊልም 7200 ሰከንድ ነው፣ ስታካፍሉት በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ከዛ ላይ ለድምፅ 384 ኪሎቢት አስቀምጡ፣ ትንሽ ትርፍ ተዉ፣ ለምስሉ 4600 ኪሎቢት ስጡት። በዚህ ቢትሬት 1080 ምስል በኤች 264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ነው) ደህና ይወጣል። ሶስት ሰአት ከሆነ ጠቅላላው ወደ 3.5 ሜጋቢት ይወርዳል ያኔ የበለጠ የሚጨምቀውን ኤች 265 ብትጠቀሙ ይሻላል፣ ፊልሙን የምታዩበት መክፈቻ (ማጫወቻ) የሚደግፈው ከሆነ ማለት ነው። 4ኬ ፊልም ግን እባካችሁ 4.7 ላይ አታስገቡት፣ ያን ሁሉ ዝርዝር ለምን ታጠፉታላችሁ፣ የብሉሬይ መጻፊያ ድራይቭ ካላችሁ 25 ጊጋው ዲስክ ለሁለት ሰአት ፊልም በሰከንድ 28 ሜጋቢት ገደማ ይሰጣችኋል።

እዚ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ወይም ኤምኬቪ እና ኤምፒ4 በሚያነብ መክፈቻ ላይ ለሚታይ ነው። ተራ የዲቪዲ መክፈቻ የሚፈልገው ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለውን ፎልደር ነው፣ ምስሉም ኤምፔግ 2 በሚባለው የዲቪዲ ቪዲዮ አይነት ሆኖ 720 በ576 ወይም 720 በ480 መሆን አለበት። ኢምግበርን ያን ፎልደር አይሰራም፣ ዲቪዲስታይለር የሚባለው ፕሮግራም ይሰራላችኋል ከዛ ኢምግበርን ይጽፈዋል።

ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ነጠላ ፋይል ስትጽፉ ደሞ ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን መንገድ) ዩዲኤፍ ብቻ አድርጉት፣ የድሮው አይኤስኦ 9660 ለእንዲህ አይነት ትልቅ ፋይል አልተሰራም።

አሁን ኢምግበርንን ለምን እንደምወደው ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፣ ቬሪፋይ! ጽፎ ሲጨርስ ዲስኩን መልሶ አንብቦ ከዋናው ፋይል ጋር ያመሳክረዋል። ጊዜው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም ግን በፍጹም እንዳታጠፉት። ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ዲስክ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዳሩ ላይ ነው፣ ስለዚ አፍ እስከ ገደፉ በሞላ ዲስክ ላይ ፊልሙ ከመጀመሪያው ጥሩ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ልብ አንጠልጥሎ ቀጥ ይላል። መጀመሪያውን ብቻ ከፍታችሁ አይታችሁ ይሰራል ብላችሁ ለሰው ብትሰጡ ችግሩን የሚያገኘው ያ ሰው ነው። ቬሪፋይ ግን እስከ መጨረሻዋ ሴክተር ያነባል፣ የማይነበብ ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ሎጉ (የስራ መዝገቡ) ላይ ይጽፋል። ከላይ ትርፍ ተዉ ያልኩትም ለዚሁ ነው፣ ዳሩ ላይ 100 ወይም 200 ሜጋ ባዶ ቢቀር የሚጎዳው ነገር የለም።

ፍጥነት ላይ 16 ኤክስ የሚል ዲስክ በ8 ኤክስ ነው የምጽፈው። 8 ኤክስ በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ሙሉ ዲስክ ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል፣ ለማን ነው የሚቸኮለው? ፋይሉን ከፍላሽ ላይ ሆኖ ከመጻፍ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ አውርዱት፣ ኢምግበርን መስኮት ታች ያሉት የበፈር (ለመጻፍ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ዳታ) መስመሮች ሙሉ ሆነው እንዲቆዩ። ዳብል ሌየር ላይ በተለይ ርካሽ ዲስክ አልመክርም፣ ሁለተኛው ሌየር ላይ ሲደርስ የሚበላሸው ብዙ ነው።

የማይመቸኝም አለ። ኢንስቶለሩ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ለማስገባት ሊሞክር ይችላል ስለዚ ቀጥል ቀጥል እያላችሁ አትለፉት፣ እያነበባችሁ የማትፈልጉትን እምቢ በሉ። ገጽታው ያረጀ ነው፣ ስህተት ሲፈጠር የሚያወጣው መልእክት ለጀማሪ ያስፈራል፣ መልእክቱ የሚረዝመው ድራይቩ የመለሰውን ኮድ ሁሉ ስለሚዘረዝር ነው። ኮፒ እንዳይደረግ የተቆለፈ ዲስክም አይገለብጥም፣ ራሳችሁ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ለምትጽፉ ግን ይሄ አይነካችሁም።

ለብዙ ሰው የምታባዙ ከሆነ መጀመሪያ አንድ የአይኤስኦ ፋይል (የዲስኩን ይዘት ሁሉ የያዘ አንድ ፋይል) ስሩ፣ እሱን ተደጋግሞ በሚጻፍ አርደብሊው ዲስክ ላይ ጽፋችሁ የሚታይበት መክፈቻ ላይ እስከ መጨረሻው እዩት፣ ደህና ከሆነ ኮፒ የሚለው ቦታ ላይ የምትፈልጉትን ቁጥር ሞልታችሁ ባዶ ዲስኮቹን በየተራ እያስገባችሁ ትጽፋላችሁ፣ ቬሪፋዩ ለእያንዳንዱ እንደበራ ይሁን።