የሒሳብ ደንቦች ቡክሌት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል፦ ግዙ፣ ግን እስክሪብቶ ይዛችሁ

በ150 ብር ነው የገዛኋት፤ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ከአንዱ። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ቢጫ ሽፋን ያላት ቡክሌት ናት። የአሳታሚውን ስም ትቼዋለሁ። ልጄ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትርና መቀስ ይዤ ስለምውል ቁጥር ብዙም አያስፈራኝም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ስለ ኔጌቲቭ ቁጥሮች የሚናገረው ገጽ ግሩም ነው። የምልክቱን ደንብ በሰንጠረዥ አስቀምጣዋለች፦ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ በፖዘቲቭ ሲባዛ ኔጌቲቭ። ከሥሩ ደግሞ ብዙ ልጅ የሚሳሳትበትን ለይታ ጽፋለች። (−3)² 9 ነው፤ −3² ግን −9 ነው። ቅንፍ ከሌለ ስኩዌሩ 3ን ብቻ ነው የሚመለከተው። ይህን የጻፈ ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ መሆን አለበት።

ብቸኛ ቁጥሮችም (ለ1ና ለራሳቸው ብቻ ያለ ቀሪ የሚካፈሉት) ደህና ተብራርተዋል። 1 ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ፣ ከተጋማሽ ቁጥሮች ውስጥ ብቸኛ የሆነው 2 ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባል የለ? ልጄ ይህን ገጽ እንዳነበበች፣ «እማዬ፣ 37 እኮ ብቸኛ ነው፤ ደሴቶቹን ለጀልባዎች እኩል ማካፈል አይቻልም» አለችኝ። ቡክሌቷ ራሷ ግን ምሳሌዋን ሁሉ የምታመጣው ከፖም ነው። ባሕር ዳር ማንጎ ጠፍቶ!

ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ቅር አለኝ። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ለማካፈል «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» ትላለች፤ በቃ፣ አለቀ። ለምን እንደሚገለበጥ አንድ መስመር እንኳን የለም። ልጄ ደንቡን በቃሏ ትወጣዋለች፣ ፈተና ላይ ግን የመጀመሪያውን ትገለብጣለች። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ 3 ሜትር አቡጀዲ ዘረጋሁላት። ለአንድ የሕፃን ቀሚስ 3/4 ሜትር ቢበቃ ስንት ቀሚስ ይወጣል? 3 ሜትር ማለት 12 ሩብ ሜትር ነው፤ ያ 3 በ4 ሲባዛ የመጣ ነው። አንዱ ቀሚስ 3 ሩብ ይወስዳል፤ ስለዚህ 12ን ለ3 እናካፍላለን። 4 ቀሚስ። በ4 አባዛን፣ ለ3 አካፈልን፤ 3/4ን ገልብጦ ማባዛት ማለት ይኸው ነው። ቡክሌቷ ይህን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ አይፈጅባትም ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ የስሌት ቅደም ተከተሉ ነው። ቅንፍ፣ ፓወር፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ መደመር፣ መቀነስ እያለች ከ1 እስከ 6 ደርድራዋለች። ይህን ያየ ልጅ ማባዛት ሁልጊዜ ከማካፈል ይቀድማል ብሎ ይይዛል። እሷም ራሷ ወጥመዱ ውስጥ ገብታለች፦ 24 ÷ 6 × 2ን 2 ብላ አውጥታዋለች። መልሱ 8 ነው። ማባዛትና ማካፈል እኩል ደረጃ አላቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ ቀድሞ ያገኘነውን እንሠራለን። መደመርና መቀነስም እንደዚያው ናቸው፤ 10 − 4 + 3 ሲሠራ 9 ነው እንጂ 3 አይደለም። ለክልላዊ ፈተና የሚዘጋጅ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን ይዞ ቢገባስ? ሱቁ ሄጄ ስናገር ሻጩ ልጅ «እትዬ፣ እኛ እንሸጣለን እንጂ አናትምም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ፐርሰንት ላይ ቀመሩ ትክክል ነው፣ ማስጠንቀቂያ ግን ይጎድለዋል። ጨርቅ ከ15 ፐርሰንት ቫት ጋር 1,150 ብር ከሆነ፣ ያለ ቫት ዋጋው 1,000 ብር ነው። ከ1,150 ላይ 15 ፐርሰንት የቀነሰ ልጅ 977.50 ያገኛል። ቫቱ የታሰበው በ1,000 ላይ ነውና ለ1.15 ማካፈል ነበረበት። ይህን ነጋዴዎችም ሲስቱት አይቻለሁ።

የዙሪያና የስፋት ቀመሮቹ ምንም አይወጣላቸውም። በ2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ሰጥቻት ሞከርናቸው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ወርዱ 43 ሜትር ነው። ስፋቱን 16,340 ካሬ ሜትር፣ ዙሪያውን 846 ሜትር ብላ ያለ እኔ እርዳታ አወጣች።

እንግዲህ ደንቡን ተምሮ ለረሳ ልጅ ዋጋዋን ታወጣለች። ገና ለሚጀምር ልጅ ግን ብቻዋን አትበቃም፤ አጠገቡ «ለምን?» ሲል የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ከገዛችሁ የቅደም ተከተሉን ገጽ ዛሬውኑ አርሙት። ወረቀቷ ስስ ስለሆነ ማርከር አትጠቀሙ፣ ወደ ጀርባ ያልፋል።