እናቴን እንደ እናቱ ይዞ ሮምን ላስጎበኘልኝ ወንድም

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አያርፍም።

እማዬ ከአዲስ አበባ እኔ ወዳለሁበት ሙኒክ መጥታ ነበር። ሮምን ሳታይ እንዳትመለስ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ጉልበቷን ያማታል። የመጀመሪያው ቀን አልቀናንም። ከፍለን የተቀላቀልነው የጉብኝት ቡድን ከፊት ይሮጣል፣ እማዬ ከኋላ ትቀራለች፣ እኔ መሃል ላይ እዋልላለሁ። «በቃ እኔ ሆቴል ልቀመጥ፣ አንቺ ዙሪ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ማታ እዚያው የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ። አበሻ ነው፣ የአስጎብኚነት ፈቃድም አለው።

በነጋታው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ጠበቀን። «እማማ፣ ዛሬ የሚያስቸኩለን ነገር የለም» ብሎ ክንዷን ያዘ። ጣቢያው ስሙን ያገኘው ፊት ለፊቱ ካለው የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ ነው፤ «ቴርሜ» ይሉታል። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከ298 እስከ 306 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 13 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ግዙፍ ነገር ነው። ያሠራው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያ ሰማዕታትን የፈጀው?»

«እሱው ነው እማማ።»

አማተበች። ስንክሳር ሲነበብ ስትሰማው የኖረችው ስም፣ ግንቡ ይኸው ፊቷ ቆሟል። አልገባም ትላለች ብዬ ፈራሁ። ልጁ ግን «ቆይ እማማ፣ መጨረሻውን ላሳይዎት» አላት።

ውስጥ ስንገባ ጥላ ያለው መቀመጫ ፈልጎ አስቀመጣት። ከዚያ ነው ማስረዳት የጀመረው። ሰዉ ከለብታው ክፍል ወደ ሙቁ፣ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ይዘዋወር ነበር። የሙቁ ክፍል ወለል አጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። እሳቱ በጎን ይነዳል፣ ትኩሱ አየር ከወለሉ ሥር ያልፍና በግድግዳው ውስጥ ባሉ የሸክላ ቱቦዎች ይወጣል። «እንደ ምጣድ በለኛ!» አለች እማዬ። ልጁ ሳቀ፤ «ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የማስረዳው» አላት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ባያችሁት።

ከዚያ ዞረን በሌላ በር ቤተ ክርስቲያን ገባን። እዚህ ጋ ነው ቃሉን የጠበቀው። የቀዝቃዛው ክፍል ታላቅ አዳራሽ አልፈረሰም። በ1561 ጳጳሱ ፒዮስ 4ኛ ማይክል አንጄሎን ቤተ ክርስቲያን አድርገው አሉት። ያኔ 86 ዓመቱ ነበር። ስያሜውም ለእመቤታችን፣ ለመላእክትና ለሰማዕታት ነው። «ለሰማዕታት» የሚለውን ልጁ ሁለቴ ደገመላት። ከግብፅ የመጡት 8 ቀያይ የድንጋይ ዓምዶች ከመታጠቢያው ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። እማዬ መዳፏን አንዱ ላይ አሳረፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዝም ብላ ቆየች። ልጁ ሰዓቱን አላየም። አንድ ቃልም አልተናገረም። እኔ ለዚህ ዝምታው ነው ከሁሉም በላይ የማመሰግነው።

ስንወጣ ለዶጋሊ ሟቾች ጣሊያኖች ያቆሙትን ሐውልት አሳየን፤ እዚያው አጠገብ ነው። ራስ አሉላ በ1887 እ.ኤ.አ. ድል ያደረጓቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ የቆመውም፣ ዘርዓይ ደረስ በ1938 እ.ኤ.አ. ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ። በየቀኑ ስንት አበሻ እያለፈበት ይሆን?

ዋጋውን ቀድሞ ነው የነገረን፣ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። እማዬ አገር ቤት ከገባች በኋላ እንኳን ደውሎ ጉልበቷን ጠየቃት። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናትህን ያኑርልህ።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሮም የምትሄዱ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቅዶልኛል። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን መግቢያ አያስከፍልም።