«የድሮ ራጅ አለዎት?» ብለው ለጠየቁት ዶክተር

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር ዘግይቻለሁ። ዶክተሩ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ስላሉኝ ስም አልጽፍም። የሆስፒታሉንም ስም ትቼዋለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሲኒየር ሐኪሞች ጥቂት ስለሆኑ ወዲያው ይታወቃሉ። አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እሳቸው የራዲዮሎጂ ሲኒየር፣ ማለትም ራጅና ሲቲ የመሳሰሉ ምስሎችን የሚያነቡ ስፔሻሊስት ሐኪም ናቸው።

እናቴ ከጥምቀት ጀምሮ ትስል ነበር። ደረቅ ሳል፣ ማታ ማታ የሚብስ። ዳማከሴውም፣ ዝንጅብል በማሩም፣ ጤና አዳሙም ተሞከረ። አልሆነም። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ራጅ ተነሳች። ውጤቱ ላይ ቀኝ ሳንባዋ አናት ላይ ጥላ እንዳለና ዕጢ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። ወረቀቱን የሰጠን ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «ሲቲ ስካን ያስፈልጋታል» ብሎ ሸኘን። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

ሲቲውን በግል ለማሠራት አቅሙ አልነበረኝም። በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። የደረት ሐኪሙ አይቷት ሲቲ አዘዘላት። ከዚያ ወረፋ ነው። ማሽኑ አንድ ነው። ከክፍለ ሀገር በአምቡላንስ የሚመጣው፣ የመኪና አደጋው፣ ስትሮኩ፣ ሁሉም እሱን ይጠብቃል። ለሦስት ሳምንት ተቀጠረች። በሦስቱ ሳምንት እኔ ጎግል ላይ ያላነበብኩት የለም። እሷ ደግሞ ለማን ምን እንደምትተው መናገር ጀመረች። ነጠላዎቿን እንኳ አልዘነጋችም።

በቀጠሮው ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመናል። ወንበር የለም። የኩላሊት ምርመራ ውጤቷን ይዘናል፤ ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ (ኮንትራስት) ጤነኛ ኩላሊት ስለሚፈልግ አስቀድሞ መታየት አለበት ተብለን ነበር። አንድ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰው ራጇን ይዘው ወጡ።

«የዚህ ራጅ ባለቤት ማን ናቸው?»

እናቴ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«እማማ፣ አንዴ ይግቡልኝ።» እኔም ልከተል ስል «አንቺ እዚሁ ጠብቂን፣ እህቴ» አሉኝ። ትንሽ ከፋኝ። እውነት ለመናገር በጣም ነው የከፋኝ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ እናቴ ወጣች። «ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ሥር፣ ቡናማ ፖስታ አለ። ሳታጥፊ አምጪው» አለችኝ። ለምን ስላት «አምጪው አልኩሽ!»

ኮልፌ ደርሼ ተመለስኩ። ፖስታው ውስጥ የ2003 ዓ.ም. የደረት ራጅ ነበር። እኔ ያኔ አረብ አገር ነበርኩ። ዶክተሩ ሁለቱን ፊልሞች መብራት ላይ ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። መጀመሪያ ግን ወደ እሷ ዞረው «ልንገራት፣ እማማ?» ብለው አስፈቀዱ። ለካ ያኔ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት፣ ስድስት ወር መድኃኒት ወስዳ ድናለች። ሰው እንዳይርቃት ብላ ለማንም አልተናገረችም። የደረት ሐኪሙ ሲጠይቃትም እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ «ታምሜ አላውቅም» ብላለች። ዶክተሩ የጥላውን ቅርጽ አይተው ጠርጥረዋል። ብቻዋን ያስገቧትም ለዚህ ነበር።

«ይኸውልሽ» አሉኝ በእስክሪብቶ እየጠቆሙ። «ጠባሳው ያኔም እዚሁ ነበር። መጠኑም ያው ነው። ዕጢ ቢሆን ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሳያድግ አይቀመጥም።»

በዚህ አላበቁም። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቋት። «የግፊት፣ ኢናላፕሪል። ከገና በፊት ነው የታዘዘልኝ» አለች። ፈገግ አሉ። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል ለካ። «መድኃኒቱን እኔ አልቀይርም፣ እርስዎም በራስዎ እንዳያቆሙት» ብለው እዚያው ለደረት ሐኪሙ ደወሉ። ነቀርሳው ተመልሶ እንዳይሆን አክታዋ እንዲመረመር፣ የግፊት መድኃኒቷ እንዲታይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ራጅ እንዲደገም ተስማሙ። ሲቲው ቀረ። ጨረሩ ከተራ ራጅ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ካላስፈለገ ባይነሱት ይመረጣል። ተራዋ ለሌላ ታካሚ ተሰጠ።

አክታዋ ነጻ ሆነ። መድኃኒቷ ተቀየረ። በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። አሁን ሌሊት የማይተኛው የጎረቤታችን ውሻ ብቻ ነው።

እኔ እስከዚያ ቀን ራዲዮሎጂስት ማለት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይመስለኝ ነበር። ምስሉን የሚያነሱት ቴክኖሎጂስቶቹ ናቸው። ራዲዮሎጂስቱ ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ስፔሻላይዝ አድርጎ ያንን ምስል የሚያነብ ሐኪም ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይውላል። ሳንባችንን ያያል እንጂ ፊታችንን አያይም። ለዚህም ይሆናል ማንም የማያመሰግነው። ከሐኪሞች የሚላክላቸው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ሳል» ብቻ እንደሚጻፍ ሲነግሩኝ «አንድ ቃል ይልኩልኝና አንድ ገጽ መልስ ይጠብቃሉ» ብለው አሳቁኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የግል ቦታም ይሠራሉ፤ በዚህ ኑሮ አልፈርድባቸውም። ግን እኛን ወደዚያ አልመሩንም።

ስለዚህ የድሮ ራጅና ሲዲ አትጣሉ። እኛ ቤት የእኔን የእግር ራጅ ለ2012ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ቆራርጠን ለጎረቤት አድለነዋል (ለዓይንም ደግ እንዳልሆነ የሰማሁት ኋላ ነው)። የእናቴ የተረፈው ተሸሽጎ ስለነበር ነው። የምትወስዱትን መድኃኒትም ስሙን ጽፋችሁ ያዙ። ታማሚ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚያወራበት ጊዜ ስጡት። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወሰደችላቸው። «ለእኔ ብቻ ከሆነ አልቀበልም» ብለው ቴክኖሎጂስቶቹን፣ ሬዚደንቶቹንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጠሩ። ቆመው በሉት፤ ወንበር የለም ብያችኋለሁ።

ሆስፒታሉን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሪፈር ያስፈልጋል፣ ወረፋውም አለ።