እናታችንን ላስታመመችልን የሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርስ

ይህን የምጽፈው እናታችንን እቤቷ ድረስ እየተመላለሰች ላስታመመችልን የሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርስ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በጠና የታመሙ ሰዎችን ህመም እያስታገሰ የሚያስታምም ድርጅት ነው። ስሟን ሳላስፈቅድ አልጠራም፤ እኛ ቤት «ሲስተር» ነበር የምንላት።

ካንሰሩ ወደ ጉበቷ መዛመቱ የተነገረን ለልጆቿ ብቻ ነበር። እንደ አገራችን ልማድ ቤተሰቡ «እሷ እንዳትሰማ» ተባባለ። ሲስተር መጀመሪያ የመጣች ቀን ታላቅ ወንድሜ በር ላይ ጠብቆ ይህንኑ አስጠነቀቃት። አልተከራከረችውም። «ያልጠየቁኝን አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» አለችው።

ገብታ አልጋው አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ካንሰር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። «እማማ፣ ስለ ህመምዎ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብቻ ነው ያለቻት። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እንደማልድን አውቃለሁ ልጄ። ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ መነጋገር ተቻለ። የንስሐ አባቷን አስጠራች፣ ቆረበች፣ ኑዛዜዋን ተናገረች። ውጭ አገር ያለችውን እህቴን በስልክ መረቀቻት። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ጥያቄ ነው።

ለከባድ ህመም ማስታገሻ የታዘዘላት የሞርፊኑም ነገር ቀላል አልነበረም። አክስቴ «ሱስ ያስይዛታል፣ ቶሎ ይገድላታል» ብላ እምቢ አለች። ሲስተር ቡና እየጠጣች በእርጋታ አስረዳቻት። ለህመም በልኩ ሲሰጥ እንደ ሱስ አይቆጠርም፣ ሞትም አያፋጥንም። ህመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። ሽሮፑን መለካት ያስተማረችውም አክስቴን ራሷን ነው። እናቴ ሌሊት እንቅልፍ መተኛት ጀመረች፤ እኛም አብረናት።

ሆስፒስ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን ናቸው። ነርሶቹ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያያሉ። ገንዘብ አልጠየቁንም። ድርጅቱ በእርዳታ የሚሠራ ስለሆነ አቅም ያላችሁ ብትደግፉት ደስ ይለኛል።

«ሆስፒስ ከተጠራማ አለቀ» የሚሉ ዘመዶች አሉ። አትስሟቸው። ሌላው ህክምና እየቀጠለም ማስታመሙ ይጀመራል፤ ህመሙ ሳይበረታ ጥሯቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ ሐኪማችሁን የህመም ማስታገሻና የማስታመም አገልግሎት የት እንዳለ ጠይቁ።

ሲስተር፣ ለቀብሩም ለሠልስቱም መጥተሽልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ።