ሮለር ስኪ ለልጅ ሲገዛ፦ የትኛው ከየትኛው ይሻላል?

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ከልጄ የስኪ ክለብ መልእክት መጣ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ልጆቹ ሮለር ስኪ ይዘው ይምጡ» ይላል። የምንኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። በረዶ እዚህ ብርቅ አይደለም፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን የለም። ስለዚህ ልጆቹ ቡታቸውን ያደርጋሉ፣ ዱላቸውን ይይዛሉ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ ባለው አጭር ስኪ አስፋልቱን ይያያዙታል። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት «በረዶው እስኪመጣ አርፋ ብትቀመጥ ምናለበት?» አለችኝ።

አርፋማ አትቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአገር አቋራጭ ስኪ የዓለም ዋንጫ እዚሁ ከተማችን፣ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ተካሂዶ ነበር። አሜሪካ ይህን ውድድር ካስተናገደች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የሚኒሶታዋ የስኪ ተወዳዳሪ ጄሲ ዲጊንስ ስታልፍ ልጄ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ማታ «አባዬ፣ አስመዝግበኝ» አለችኝ። እኔም ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኳት። አዲስ አበባ ተወልዶ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተንሸራተተው፣ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪያችን ነው። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሄዷል። እሱም በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ በሮለር ስኪ ይለማመድ ነበር።

እንግዲህ ሁለት መኸር አለፈኝ። የተከራየሁትም፣ የገዛሁትም፣ የተሸወድኩበትም አለ። ዘንድሮ ተራው የእናንተ ከሆነ እነሆ።

ስኬቲንግ፣ ክላሲክ ወይስ ኮምቢ?

መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህን ነው። ሱቅ ውስጥ «ስኬት ነው የምትፈልገው?» ሲሉኝ «ማን የማይፈልግ አለ?» ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ስኬት የሚሉት እግርን ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበትን ስልት ነው፤ ክላሲክ ደግሞ እግርን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ እየገፉ የሚሄዱበትን።

የስኬቲንጉ ሮለር ስኪ አጭር ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው ቀጭን ሆኖ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደ ልቡ ይዞራል። ክላሲኩ ረዘም ይላል፣ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ጎማው አጠር ብሎ ሰፊ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ውስጡ ነው። ከጎማዎቹ አንዱ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚዞረው። ልጁ እግሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ጎማው ቆልፎ ይይዝለታል፤ በዚያ ተደግፎ ወደ ፊት ይወነጨፋል።

አንድ ጥንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ወላጅ የኔ ምክር ስኬቲንጉ ነው። ክላሲኩ ሰፊ ጎማ ስላለው ለጀማሪ የተረጋጋ ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ያ የሚቆልፍ ጎማ ነው። በረዶ ላይ ክላሲክ ሲሠራ ክብደትን በሙሉ በአንድ እግር ላይ አሳርፎ፣ በሰዓቱ ካልረገጡ ስኪው ወደ ኋላ ያመልጣል። ሮለር ስኪው ግን እንዴትም ብትረግጠው ይይዛል። ልጁ መኸሩን ሙሉ በተሳሳተ ሰዓት እየረገጠ ይከርምና በረዶ ሲመጣ እግሩ ይከዳዋል። አሠልጣኞቹ በኅዳር የሚያርሙት አንዱ ነገር ይህ ነው። ስኬቲንጉ ግን አስፋልት ላይ ያለው ስሜት ከበረዶው ጋር በጣም ይቀራረባል። አስፋልት ላይ የተማሩት ብዙም ሳይጠፋ በረዶ ላይ ይገኛል።

ኮምቢ የሚባለው ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ነው። ጎማው መሀል ነው፣ ርዝመቱም መሀል ነው፣ የሚቆልፍ ጎማ አለው። ለመዝናኛ ለሚሄድ ትልቅ ሰው ጥሩ ነው። ለክለብ ልጅ ግን አልወደድኩትም። ስኬቲንግ ሲሠሩበት ይከብዳል፤ ክላሲክ ሲሠሩበት ይዋልላል። እዚህ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ስልት ስለሚያወዳድሩ ልጃችሁ ውሎ አድሮ ሁለቱንም ያስፈልጋታል። ስኬቲንጉን ግዙ፤ ክላሲኩን ክለቡ ካለው ተዋሱ ወይም ተከራዩ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው።

ጎማው ላይ ያለችው ቁጥር

ብዙ ወላጅ የሚያየው የዕቃውን ስም ነው። ማርዌ የፊንላንድ ነው፤ ስዌኖርና አይዲቲ የኖርዌይ ናቸው፤ ቪቱ ደግሞ እዚሁ አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ይሠራል። አራቱም ደኅና ናቸው። በስም ተከራክሮ ቅዳሜ ከማባከን የጎማውን ቁጥር ማየት ይሻላል።

ጎማ የፍጥነት ደረጃ አለው። ብዙዎቹ ከ1 እስከ 4 ይቆጥራሉ፤ 1 ፈጣኑ፣ 2 መደበኛው፣ 3 እና 4 ቀርፋፋዎቹ ናቸው። አንዳንዱ አምራች የራሱን አቆጣጠር ስለሚጠቀም ሻጩን «ይሄ መደበኛ ነው ወይስ ቀርፋፋ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት አባት ነኝና ፈራሁ። ቁልቁለቱን እያሰብኩ 4 ቁጥር ገዛሁ። የክለቡ ልጆች በሙሉ በ2 ነበር የሚሄዱት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ከሁሉም ኋላ፣ ላብ በላብ ሆና መጣች። «አባዬ፣ አስፋልቱ ሙጫ ነው እኮ» አለችኝ። ነገሩ መቅረት ብቻ አልነበረም። ጎማው አልሄድ ሲላት መንሸራተቱን ትታ መራመድ ጀምራለች። እግሯን ገፍታ፣ በአንድ እግር ቆማ፣ ትንሽ ጠብቃ ወደ ሌላው መሸጋገር ነበረባት። ያንን ለመማር ጎማው መንሸራተት አለበት። በሦስተኛው ሳምንት አራት ጎማ ለብቻው ገዝቼ ቀየርኩላት፤ ሌላ ወጪ።

ስለዚህ ከምንም በፊት ለአሠልጣኙ ጻፉለት፤ «ቡድኑ በስንት ቁጥር ነው የሚሄደው?» በሉት። ልጃችሁ ፍጹም ጀማሪ ከሆነች ከቡድኑ አንድ ደረጃ ቀርፈፍ ያለውን መውሰድ ይቻላል። ሁለት ደረጃ ግን አታውርዱ። 1 ቁጥርን ለልጅ አታስቡት።

ውድድር ላይም ይቺው ቁጥር ናት ጣጣ የምታመጣው። በመኸር ክለቡ ውስጥ የሰዓት ሙከራ ይደረጋል፤ ልጆቹ ተራ በተራ በየ30 ሴኮንዱ እየተለቀቁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ጎማው የተለያየ ከሆነ ሰዓቱ ምንም አይናገርም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ውድድሮች ላይ አዘጋጁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሮለር ስኪ ያድላል። ላስቲክ ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ከመነሻው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ያሟሟቀችና ከመኪና አውርዳ በቀጥታ የተሰለፈች ልጅ እኩል አይነሱም። ይህቺን ማንም አልነገረኝም።

ሌላው የላስቲክና የፕላስቲክ ጉዳይ ነው። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራው ፖሊዩሪቴን ጎማ ይፈጥናል፣ ቶሎም አያልቅም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ያንሸራትታል። ጥቅምት እዚህ ዝናብና እርጥብ ቅጠል ነው። ላስቲክ ይሁን።

አካሉ፦ አልሙኒየም ወይስ ፋይበር?

አልሙኒየሙ ይረክሳል፣ ተጥሎም ቢነሳ ምንም አይሆንም። ግን የአስፋልቱን ንዝረት በሙሉ ለእግር ያቀብላል። ሸካራ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት የሄደች ልጅ እግሯ ደንዝዞ ነው የምትመጣው። ፋይበሩ ለስለስ ይላል፣ ንዝረቱን ይውጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ክለባችሁ የሚለማመደው አዲስ በተነጠፈ የብስክሌት መንገድ ላይ ከሆነ አልሙኒየሙ ይበቃል። መንገዱ የክረምቱ ብርድ የሰነጣጠቀው ከሆነ ፋይበሩ ላይ ገንዘብ ጨምሩ። ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

በነፋስ የሚነፋ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ትልቅ ጎማም አለ። ጠጠርና ኮረኮንች ላይ ይሄዳል። ከገጠር መንገድ አጠገብ ለሚኖር ሰው ወደር የለውም። ግን ከባድ ነው፣ ካላማደሪያው ይፈነዳል፣ ከቡድኑ ጋርም አይመጣጠንም። በተራ ሸራ ጫማ የሚታሰር፣ ፍሬን ያለው ዓይነትም አይቻለሁ። እሱ ለኔ ቢጤ ነው፤ ለክለብ ልጅ አይሆንም። የስኪ ቡት ተረከዙ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ስሜት አይሰጥም።

አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ ኪራይ?

እኔ ባየሁባቸው ሱቆች ደኅና የስኬቲንግ ጥንድ አዲሱ ከ300 እስከ 400 ዶላር ነው። ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ መግጠሚያም ያስከፍላሉ። ስለዚህ ዋጋውን ስታወዳድሩ «ማሰሪያው አለበት?» በሉ።

ያገለገለው በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል። እኔም 90 ዶላር ያለው አንድ ጥንድ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ዘልዬ ገዛሁ። ሰውየው «እንደ አዲስ ነው» ብሎኛል። ቤት ወስጄ የልጄን ቡት ሳስገባ አልገባ አለ። ማሰሪያው ኤስኤንኤስ የሚባለው የድሮው ዓይነት ነበር፤ ዛሬ አይመረትም። አሁን ያሉት ቡቶች የሚሠሩት ከኤንኤንኤን ጋር ነው፤ ፕሮሊንክና ተርናሚክ የሚባሉትም ይኸንኑ ቡት ይቀበላሉ። ማሰሪያውን አስነቅዬ፣ አዲስ አስበስቼ፣ አዲስ አስገጥሜ ሳበቃ ርካሹ ዕቃ ርካሽ አልነበረም።

ያገለገለ ስታዩ ቡቱን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስገቡት። ቀጥሎ ጎማውን በጣት አሽከርክሩት። ኩሽኔታው ከተንኮሻኮሸ ዝገት ገብቶታል፤ እሱ ተቀያሪ ነው፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ከዚያ ጎማውን ከፊት ለፊት እዩት። የስኬቲንግ ጎማ በውስጥ በኩል ነው የሚበላው። ወደ አንድ ወገን ሾጥጦ ካያችሁት የቀድሞው ባለቤት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ እያቀያየረ አልተጠቀመም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጅን ሳትፈልግ ወደ ጎን ይወስዳታል። አራት አዲስ ጎማ ዋጋው ላይ ደምሩና አስቡት። አካሉ ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ለትንንሽ ልጆች ተብሎ የሚሠራ አጭር ሮለር ስኪም አለ። እግሯ ትንሽ ለሆነ ልጅ ይመቻታል፤ ቀላልም ነው። ግን 12 እና 13 ዓመት ላይ እግር ቶሎ ያድጋል። ቡቱ ሲያድግ ተረከዙ የኋላውን ጎማ መንካት ይጀምራል። በዚህ ዕድሜ ያለችውን በቀጥታ ወደ ትልቁ አሸጋግሯት። ከዚያ በታች ላለች ግን አትግዙ፤ ተከራዩ። ብዙ ክለቦች ለመኸሩ በሙሉ በትንሽ ዋጋ ያከራያሉ። ጎማውም ከቡድኑ ጋር አንድ ነው፣ ማሰሪያውም ተፈትሿል። የኛ ክለብ ኪራይ እንዳለው ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። ለካ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ነበር!

ፍሬን የለውም

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። አብዛኛው ሮለር ስኪ ፍሬን የለውም። ልጆቹ የሚቆሙት ተረከዛቸውን ወደ ውጭ ገፍተው ጎማውን አስፋልት ላይ እያሻሹ ነው፤ ያ ደግሞ ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ካልሆነም ዳር ወዳለው ሣር ወጥተው ሮጥ ሮጥ ይላሉ። በባት ተጭነው የሚይዙት ፍሬን የሚገጠምላቸው አሉ፤ ቪቱ ይሠራል። ጎማው ላይ በብሎን የሚጠብቅ ፍጥነት መቀነሻም አለ። ሁለተኛውን ወድጄዋለሁ። ለረጅም ቁልቁለት ታጠብቁታላችሁ፣ ሜዳ ላይ ታላሉታላችሁ። አሠልጣኙ ግን መቆምን በእግር ካላስተማረ በብሎን አትተማመኑ።

ሄልሜት ያለ ክርክር ነው። ከጓንትና ከጉልበት መከላከያ ጋር የሚያበራ ሰደርያ ጨምሩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማታ 12 ሰዓት ሲል እዚህ ይጨልማል፤ የማክሰኞው ልምምድ ደግሞ የሚያበቃው በዚያው ሰዓት ነው። ከዝናብና ከጨለማው ይልቅ ብዙ ልጅ ሲጥል ያየሁት ግን የኦክ ዛፍ ፍሬ ነው። ጠጠር የሚያክል፣ ክብ፣ ጠንካራ ነገር ነው። አንዷ ከጎማ ሥር ከገባች ስኪው ቀጥ ይላል፣ ልጁ ይቀጥላል።

ዱላውን እንዳትረሱ። የበረዶው ዱላ ጫፍ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይዶለዱማል። ለአስፋልት የሚሆን የካርባይድ ጫፍ ለብቻው ይሸጣል። ሙጫውን በሙቅ ውሃ አለስልሳችሁ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። እሱም በሁለት በሦስት ሳምንት ይደንዛል፤ በአልማዝ ሞረድ ነው የሚሳለው፣ ተራው ሞረድ አይነካውም። ባለፈው ዓርብ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስስል እናቴ ደወለች። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ለመሆኑ በረዶው መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።