ናኖ ዱቄት ወይስ ካርቦን? ለጥለት ክር ነካሪዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ክር የሚነክሩ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አላቸው። የበርሜሉን ቀለም ውሃ ለማጥራት በቅጠል ውሃ የተሠራውን የብረት ናኖ ዱቄት (እጅግ የደቀቀ የብረት ብናኝ) እንግዛ ወይስ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀለም እላዩ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ከሰል)? እኔ ካርቦን ነው የምለው። ተቃጥዬ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ የገዛሁት ናኖውን ነው። ሻጩ ብርጭቆ ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም በጠበጠ፣ ዱቄቱን ቆንጥሮ ጨመረበት፣ ውሃው ነጣ። ኪሎውን 1,800 ብር ከፍዬ እኔም ነጣሁ። ቤት ስሞክረው ቀዩ ሪአክቲቭ ቀለም ንቅንቅ አላለም። ለካ ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ነው፤ ጥጥ የምንነክርበት ሪአክቲቭ ደግሞ ኔጌቲቭ። አንዱን የሚይዝ ዱቄት ሌላውን ላይይዝ ይችላል። በዚያ ላይ የእኛ ፍሳሽ ጨውና ሶዳ የበዛበት ነው። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ፍሳሽ በሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ።

ናኖ ውሸት ነው አልልም። ራሴም ሠርቼዋለሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቼ ፈሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ጠብ ሳደርግበት ወዲያው እንደ ቡና ጠቆረ። ብረቱን የሚለውጠው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ፖሊፊኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ጎጃም ውስጥ በነፃ ነው፣ ችግሩ ሌላው ወጪ ነው። ቀዩ የሳሳልኝ አሲድና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ስጨምርበት ብቻ ነው። ነጠላ አራት አጥፌ ባጠልለውም ጥቁሩ ያልፋል። ጠርሙስ ውስጥ ያስቀመጥኩት ትርፍ በሳምንቱ ዝገት መሰለ።

የኪሎውን ዋጋ ተዉትና የበርሜሉን አስሉ። ናኖው ሻጩ እንዳለኝ በሊትር 1 ግራም ቢሆን፣ ለ200 ሊትር 360 ብር ይበላል። ካርቦኑን ኪሎውን በ450 ብር ገዝቼ፣ ለእጥበት ውሃ በሊትር 2 ግራም አደርጋለሁ፦ 180 ብር። ማታ ጨምሬ ደጋግሜ አማስለዋለሁ፣ ጠዋት ታች ረግቶ ይጠብቀኛል።

ግን አስመስሎ የተሠራ አለ! የአዊው ፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ለጀበና ወደር የለውም። ተፈጭቶ በከረጢት ሲታሸግ ግን አክቲቬትድ አይሆንም። እኔ 5 ኪሎ ተሸክሜ ገብቻለሁ። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ፣ እጄን አጠቆረኝ፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። ደህናው ፍሬ ፍሬ ሆኖ፣ ውሃ ሲነካው አረፋ እየተፋ ይሰምጣል። ሳታዩ አትክፈሉ።

ያገለገለውን አባይ ዳር እንዳትደፉት፤ ቀለሙ እላዩ ላይ ነው ያለው። እኔ አድርቄ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጠዋለሁ። ሦስተኛው ከረጢት ሊሞላ ነው።